ሰዓት ለሚሽቀዳደም ተጫዋች የትኛው የኦንላይን ጌም ይሻላል? ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ፣ ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት፣ ጊልድ ዋርስ 2 እና ፋይናል ፋንታሲ 14 ጎን ለጎን

በአራቱም ጌሞች ከሰዓት ጋር መሽቀዳደም ይቻላል። ሰዓቱ የሚቆጥረው ነገር ግን በአራቱም አንድ አይደለም፤ ገንዘብ ከማውጣት በፊት መታየት ያለበትም ይኸው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ብቻውን በሚጫወተው ጌም ስፒድረን (ጌምን በአጭር ጊዜ የመጨረስ ሩጫ) የሚሮጥ ሰው የሚመቸውን አሮጌ ቨርዥን ይመርጣል፣ ሲሳሳት ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ላይቭስፕሊት በሚባለው ሰዓት መቁጠሪያ ክፍል በክፍል ይለካል። ጌሙ በእጁ ስለሆነ ከአሥር ዓመት በፊት የተገኘ ግሊች (የጌሙ ስሕተት) ዛሬም ይሠራለታል። ኦንላይን ሲሆን ግን ጌሙ ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው። ኩባንያው አፕዴት ባወረደ ቁጥር ትናንት ሁለት ደቂቃ ያተርፍ የነበረ አቋራጭ ሊዘጋ ይችላል። ገጸ ባሕርይውም ከወር ወር እየጠነከረ ስለሚሄድ፣ የዛሬ ሦስት ወር የተሮጠውና ዛሬ የተሮጠው እኩል አይነጻጸሩም። እንግዲህ ንጽጽሩ የሚዞረው በዚህ ላይ ነው፦ የትኛው ጌም ለዚህ ችግር መላ አበጅቶለታል? ኢንተርኔቱ ደከም ላለበት ሰውስ የትኛው ይታገሣል?

ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ

ጃጌክስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ2013 የከፈተው ይህ ጌም መነሻው ከ2007 ተቀምጦ የቆየ የሩንስኬፕ ቅጂ ነው። ሥዕሉ ያረጀ ነው። ለብቻው ለሚሮጥ ሰው ግን ከአራቱ የሚስተካከለው የለም፤ ምክንያቱም ቲክ ነው።

ሰርቨሩ ትእዛዝ የሚፈጽመው በየ0.6 ሰከንዱ ነው። በዚያ መካከል የመጣለትን ሁሉ ይዞ ቆይቶ ቲኩ ሲመታ አንድ ላይ ያስኬደዋል። በቲኩ መጀመሪያ የተጫነና ወደ መጨረሻው የተጫነ ልዩነት የላቸውም። ስለዚህ ፒንጉ (ትእዛዙ ሰርቨሩ ደርሶ ምላሹ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) 200 ሚሊሰከንድ የሆነ ተጫዋች 30 ከሆነለት ሰው ጋር ተቀራራቢ ሩጫ መሮጥ ይችላል። እዚህ የሚጎዳው የፒንጉ መዋዠቅ ነው። አንዴ 180፣ አንዴ 700 ሲሆን ትእዛዙ ያልታሰበ ቲክ ላይ ያርፋል። በጸሎት (ከአንድ ዓይነት ምት በሚከላከል ችሎታ) ለሚታገሉት ቦስ (ከባድ ጠላት)፣ ለምሳሌ ለጃድ፣ ይህ ሞት ነው፦ ጃድ በአስማት ሊመታ ሲል ጸሎቱ የቀስቱ ላይ ከቀረ አንድ ምት እስከ 97 ሊያደርስ ይችላል፤ የአብዛኛው ተጫዋች ሙሉ ሕይወት ደግሞ ከ99 አይበልጥም።

ለስፒድረን ትልቁ ነገር በ2022 የመጣው ነው። ጌሙ ለክዌስት (ለተልእኮ) ሩጫ ብቻ የተለዩ ወርልዶች (ሰርቨሮች) ከፍቷል። እዚያ የገባ ሁሉ የራሱን ገጸ ባሕርይ ትቶ ለሩጫው የተዘጋጀ፣ ስኪሉም ዕቃውም ለሁሉም እኩል የሆነ ገጸ ባሕርይ ይቀበላል። ሰዓቱን የሚቆጥረው ጌሙ ራሱ ነው፤ እንደ ፍጥነቱም የነሐስ፣ የብር፣ የወርቅ ወይም የፕላቲነም ዋንጫ ይሰጣል። በመደበኛው ወርልድ አንዴ ያለቀ ክዌስት አይደገምም፤ እዚህ ግን እስኪሰለች መድገም ይቻላል። ከላይ ያነሣነውን የእኩልነት ችግር ከአራቱ ጌሞች በቀጥታ የፈታው ይህ ብቻ ነው።

መንገድ ማቀድ ምን እንደሆነ ለመረዳት ኩክስ አሲስታንት የሚባለው የጀማሪዎች ክዌስት ይበቃል። ምግብ አብሳዩ እንቁላል፣ በባልዲ ወተትና በማሰሮ ዱቄት ይፈልጋል። ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለውን ማሰሮ ሳያነሣ ወደ ወፍጮው የሮጠ ሰው ዱቄቱን የሚይዝበት አጥቶ ይመለሳል። ስንዴውን ከእርሻው መቁረጥ፣ ወደ ወፍጮው ላይኛ ፎቅ መውጣት፣ ስንዴውን መጨመር፣ ማንሻውን መሳብ፣ ወርዶ ዱቄቱን መሰብሰብ፤ ማንሻውን ረስቶ የወረደ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ይወጣል። የመሮጥ ጉልበትም ያልቃል፤ የተሸከሙት ሲከብድ ደግሞ ፈጥኖ ያልቃል፤ ስለዚህ የማያስፈልግ ዕቃ ይዞ መጀመር በራሱ ሰከንድ ይበላል።

ገዢው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ጉድለትም አለ። ከሩጫው ወርልድ ውጭ ያለው ዋናው ጌም እጅግ ረጅም ነው። አንድ ስኪል 99 ለማድረስ 13,034,431 ነጥብ ያስፈልጋል፤ የዚህ ግማሽ የሚሞላው ደግሞ ሌቭል 92 ላይ ነው። 92 ሲደርስ «ሊያልቅ ነው» ብሎ የአንድ ዓመት ክፍያ የሚከፍል ሰው ይህን ቁጥር አስልቶ ይክፈል።

ወጪው ቀላል ነው። ነጻው ክፍል ለወራት ይበቃል። አባል መሆን ለሚፈልግም ቦንድ የሚባል ዕቃ አለ፤ በጌሙ ወርቅ ከሌላ ተጫዋች ተገዝቶ የ14 ቀን አባልነት ይሰጣል። ለጀማሪ ወርቁን መሰብሰብ ከባድ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ወር በገንዘብ ከፍሎ ከዚያ በኋላ በቦንድ መቀጠል ያዋጣል። ከ2018 ጀምሮ ያው አካውንት በስልክም ይከፈታል፤ አሮጌ ላፕቶፕም አይከብደውም። ብዙዎች የሚጠቀሙበትን ሩንላይት የሚባለውን ክላየንት (ጌሙ የሚከፈትበትን ፕሮግራም) ሲያወርዱ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የተመሳሰለ የውሸት ገጽ የይለፍ ቃል ይሰርቃል። በፍለጋ ላይ ከወጣ ማስታወቂያ አያውርዱ፤ አካውንቱን እንደከፈቱም በስልክ የሚመጣውን ሁለተኛ ማረጋገጫ ያብሩ።

ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት

ብሊዛርድ በ2004 ያወጣው ይህ ጌም ሰዓትን ለቡድን ውድድር አድርጎታል። ሚቲክ ፕላስ የሚባለው በ2016 መጣ፦ አምስት ሰው፣ አንድ ታንክ (ምቱን የሚቀበል)፣ አንድ ሂለር (የሚፈውስ)፣ ሦስት አጥቂ፣ የሩጫውን ክብደት የሚወስን አንድ ቁልፍ፣ አንድ ሰዓት። በሰዓቱ ከጨረሱ ቁልፉ አንድ ደረጃ ያድጋል። ከሰዓቱ 20 በመቶ ሲተርፍ ሁለት፣ 40 በመቶ ሲተርፍ ሦስት ደረጃ ይዘላል። እያንዳንዱ ሞት ከሰዓቱ ላይ ሰከንዶች ይቀንሳል።

ሩጫ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በቦሶቹ ላይ አይደለም። ቦሶቹን ከመግደል ሌላ በመንገድ ላይ ካሉት ጠላቶች የተወሰነ ድርሻ 100 በመቶ መሙላት አለበት። ጀማሪ ቡድን ለመፍጠን ብሎ አንድ ሁለቱን ስብስብ ዘሎ ያልፋል፤ የመጨረሻው ቦስ ወድቆ ቆጣሪው 98 ላይ ይቆማል። ያኔ ወደ ኋላ ተመልሶ አንድ የቀረ ስብስብ ፍለጋ ሁለት ደቂቃ ይሄዳል። ስለዚህ ታንኩ የትኛውን ስብስብ ከየትኛው ጋር እንደሚጎትት ከመግባቱ በፊት በቁጥር ማቀድ፣ ከ100 በላይም አንድ ሁለት በመቶ መጠባበቂያ መተው አለበት።

ፒንግን በተመለከተ ጌሙ ራሱ ይረዳል፤ ቀጣዩን ምት ከ400 ሚሊሰከንድ በፊት መጫን ይፈቅዳል። ይህን ቁጥር ዝቅ አድርጉ የሚሉ ምክሮች ፒንጋቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የተጻፉ ናቸው፤ ፒንግዎ ከ150 በላይ ከሆነ እንዳለ ይተዉት። የማይድነው የጠላትን አስማት ማቋረጥ ነው፦ አስማቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የተጫነ ማቋረጫ ሩቅ ሰርቨር ላይ ዘግይቶ ይደርሳል። መላው ቀድሞ ማቋረጥ ነው፤ ወይም ለመጀመሪያው አስማት ተራ መያዝ።

ሌላው ጉድለት ከባድ ነው። አንድ ሰው መብራት ቢጠፋበት የአምስቱም ሩጫ ይበላሻል። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ያለ ሰው ዩፒኤስ ሲገዛ ራውተሩንም እንዲሸከም አድርጎ ይግዛ፤ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይም ራውተሩ ከጠፋ ሩጫው አበቃ። በተጨማሪ በየሲዝኑ ዕቃው ስለሚጠነክር የዘንድሮው ሰዓት ከአምናው አይነጻጸርም። እዚህ የሚወዳደሩት በሲዝኑ ውስጥ ካሉት ጋር ብቻ ነው፤ ይህ የማይዋጥለት ሰው ይቅርበት።

ወርሃዊ ክፍያው በአሜሪካ 14.99 ዶላር ነው፤ አዲሱ ማስፋፊያ ለብቻው ይገዛል፣ የቆዩት ማስፋፊያዎችና ክላሲክ የሚባለው የጌሙ የድሮ ቅጂ ግን በወርሃዊው ውስጥ አሉ። እስከ ሌቭል 20 በነጻ ይሞከራል። ከ100 ጊጋባይት በላይ ባዶ ቦታና ኤስኤስዲ ይፈልጋል። በዳታ ፓኬጅ ለሚያወርድ ሰው ይህ ከወርሃዊው በላይ የሚከብድ ወጪ ስለሆነ፣ የተጫነለት ወዳጅ ካለ ፎልደሩን በውጫዊ ሃርድ ዲስክ መቅዳት ይችላል፤ የብሊዛርድ ማስጀመሪያው የጎደለውን ብቻ ያወርዳል።

ጊልድ ዋርስ 2

አሪናኔት በ2012 ያወጣው ይህ ጌም ወርሃዊ ክፍያ የለውም። መሠረቱ ነጻ ነው፣ ማስፋፊያው አንዴ ይገዛል። ትልቁ ሌቭል ከመጀመሪያ ጀምሮ 80 ነው፤ አሴንድድ የሚባለው ዕቃም ከዓመታት በኋላ አልተሻረም። ከአምስት ዓመት በፊት የለበሰውን ይዞ የተመለሰ ተጫዋች ከጉልበት አንጻር ወደ ኋላ አልቀረም። ክላሶቹ በየጊዜው ስለሚስተካከሉ ፍጹም እኩልነት የለም፤ ቢሆንም ከዋርክራፍት ጋር ሲነጻጸር የሩጫ ጊዜ ረዘም ላለ ዘመን ትርጉም ይይዛል።

የዚህ ጌም ደስታ እሽቅድምድሙ ነው። ሮለር ቢትል የሚባለው የጥንዚዛ መጓጓዣ በፍጥነቱ አቻ የለውም፤ ኩርባ ላይ በትክክል ካንሸራተቱት የሚፈነጠርበትን ጉልበት ይሞላል፣ ግድግዳ ከነኩ ግን ፍጥነቱ ሁሉ ይጠፋል። ተጫዋቾች ራሳቸው መንገድ ከልለው ይወዳደሩበታል። ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ መጓጓዣ የመጣው ፓዝ ኦፍ ፋየር በሚባለው ማስፋፊያ ነው፣ ጥንዚዛው ግን ከዚያ በኋላ በወጣው የሊቪንግ ወርልድ (ክፍል በክፍል የሚወጣው ታሪክ) አራተኛ ሲዝን ውስጥ ነው። ማስፋፊያውን ብቻ ገዝቶ ጥንዚዛ የሚፈልግ ሰው ሌላ ወጪ ይጠብቀዋል። ከመክፈል በፊት የጥቅሉን ዝርዝር እስከ ታች ያንብቡ።

ፒንግ እዚህ በጣም ይጎዳል። መሸሻው የሚያድነው ለ0.75 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ጉልበቱ ሙሉ ሲሆን ደግሞ ሁለት መሸሻ ብቻ አለ። ፒንጉ 250 የሆነ ሰው ምቱን አይቶ ሳይሆን የቦሱን ተራ በቃሉ ይዞ መሸሽ አለበት። ጥንዚዛው ላይ ግን ይህ ብዙ አያስቸግርም።

ፋይናል ፋንታሲ 14

በ2010 ወጥቶ የከሸፈው ጌም በ2013 እንደገና ተሠርቶ ዛሬ ያለውን ሆነ። ታሪኩና ሙዚቃው ድንቅ ነው። ለፍጥነት ብሎ የሚገዛው ግን ባይገዛው ይሻላል። ዋናውን ታሪክ ሳይጨርሱ ወደ ከባድ ውጊያዎቹ አይደረስም፤ ይህም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዓቶችን ይወስዳል። የታሪክ መዝለያም በገንዘብ ይሸጣል፤ ግን ታሪኩን የሚዘል ሰው የጌሙን ምርጥ ክፍል ከፍሎ ያጣል። ጊዜን ለመለካት የሚጠቅሙ የውጭ ፕሮግራሞችም በደንቡ የተከለከሉ ናቸው።

በሩቅ ሰርቨር ሌላ ችግር አለ። ዋናው ምት በየ2.5 ሰከንዱ ነው፣ በመካከሉ ሁለት ፈጣን ምቶች ይገባሉ ተብሎ ነው የተሠራው። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ገጸ ባሕርይው ለቅጽበት ይታሰራል፤ ፒንጉ በዚያ ላይ ይደመራል። ፒንጉ ከፍ ሲል ሁለተኛው ምት ዋናውን ይገፋዋል፤ በአሥር ደቂቃ ውጊያ የሚጠፋው ጉዳት ቀላል አይደለም።

ነጻ ሙከራው ግን ከአራቱ ለጋሱ ነው፦ እስከ ሌቭል 70፣ ሁለት ማስፋፊያዎች ጨምሮ፣ ያለ ጊዜ ገደብ። ገበያው ዝግ ነው፣ ወርቁም ከ300,000 አያልፍም። አንዴ ከፍለው ሙሉውን ከገዙ ወደ ነጻው መመለስ አይቻልም፤ ስለዚህ 70 እስኪደርሱ አይግዙ። ሲገዙም ስቲም በሚባለው የጌም መደብር የጀመረ ሰው ማስፋፊያዎቹን ሁሉ ከስቲም መግዛት አለበት፤ ከኩባንያው መደብር የገዛው ኮድ አይገባለትም።

ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይንን የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። በቡድን ውጊያዎቹ ፍጥነት፣ አለመሞትና ከባድ ሁነት በአንድ ሩጫ ሲሟሉ የሚሰጥ ትልቅ ክብር አለው፤ አሥራ ሁለት ሰው የሚሰበስብ ጊልድ (የተጫዋቾች ማኅበር) ላለው ያስደስታል። ያለ ጊልድ ግን ለሩጫ የሚሆነው ጥቂት ነው።

ከመክፈል በፊት

ፒንጉን ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት፣ ሰፈሩ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ሲሆን ይለኩ። አንዴ ለክቶ መወሰን ያሳስታል፤ ለአሥር ደቂቃ አስኪዶ ትንሹንና ትልቁን ማየት ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ100 ሚሊሰከንድ ካለፈ መጀመሪያ ዋይፋዩን ትተው በገመድ ይሞክሩ፤ ካልተሻሻለ ሩንስኬፕ እንኳ ያስቸግራል።

የሚጫወቱበትን ክልልም ከመግዛት በፊት ይወስኑ። አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ከአራቱ በሦስቱ የሚቀርበው የአውሮፓው ሰርቨር ነው። ወንድሙ ዋሽንግተን ከሆነ ግን ችግር አለ፦ ዋርክራፍት ላይ የአውሮፓና የአሜሪካ ገጸ ባሕርይ አይገናኙም፣ ወርሃዊውም ለየክልሉ ነው። ፋይናል ፋንታሲም ያለ ክፍያ የሚያዘዋውረው በዋናነት በክልሉ ውስጥ ነው። ጊልድ ዋርስ 2 ላይ ወደ ሌላ ክልል መዛወር ይቻላል። ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ላይ ግን ያው ገጸ ባሕርይ ሲገባ ወርልድ መምረጥ ብቻ ነው፤ ዛሬ የአውሮፓ፣ ነገ ከወንድም ጋር የአሜሪካ።