ፍልስፍና በሳምንት 30 ብር፦ ደሴ ፒያሳ ያለው ኮፒ ቤት

ፒያሳ አካባቢ፣ ከሞባይል ጥገና ቤቶቹ መሀል፣ አንድ ጠባብ ሱቅ አለ። በሩ ላይ ስም የለውም። ሰው የሚያውቀው «ኮፒ ቤቱ» ብሎ ነው፤ ፊት ለፊት ኮፒ ማሽን ተገትሯል። ከማሽኑ ጀርባ ያለውን መደርደሪያ ብዙው ሰው ልብ አይለውም። እኔ ማውራት የፈለግኩት ስለ መደርደሪያው ነው።

መጽሐፍ ያከራያሉ። ለሳምንት 30 ብር፣ ማስያዣ 200። አብዛኛው ኮፒ ተደርጎ በስፓይራል የተጠረዘ እንግሊዝኛ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ልጆች የሎጂክ ሞጁል ይገዙና እብስ ይላሉ። ባለቤቱ ጋሼ ግን በእያንዳንዱ ጥራዝ ሽፋን ውስጥ በእጃቸው የጻፉትን አንድ የአማርኛ ወረቀት በስቴፕለር መትተውበታል። ጸሐፊው ማን ነው፣ ምን አስጻፈው፣ ከዚያ ወዲህ አገር እንዴት ተለወጠ። አንድ ገጽ ብቻ። 30 ብሩ የሚከፈለው ለዚያች ገጽ ነው ብል አላጋነንኩም።

እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ቃል ስመታ እውላለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ያነሳሁት ቤካሪያን ነው። ጣሊያናዊ ነው፤ ስለ ወንጀልና ቅጣት የጻፋት ትንሽ መጽሐፍ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1764 ነው (የፈረንጆቹን ነገር ሳወራ ዘመኑም የነሱ ነው)። እየገረፉ ማናዘዝ እውነት አያወጣም ይላል። ጡንቻው የጠነከረ ወንጀለኛ ችሎ ያመልጣል፤ ደካማው ንጹህ ሰው ያላደረገውን «አድርጌያለሁ» ይላል። ዳኛ ሳይፈርድ ደግሞ ማንም ወንጀለኛ አይባልም። ይቺ ነገር በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ላይ አለች። ስንቴ እንደመታኋት! ከየት ተነስታ እኔ ኪቦርድ ላይ እንደደረሰች ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። መጽሐፉ በወጣ በ22 ዓመቱ፣ በ1786፣ የጣሊያኗ ግዛት ቶስካና የሞት ቅጣትን ከሕጓ አወጣች። ለሐሳብ ፈጣን ነው። ከዚያ የሚረዝም የቦታ ክርክር አይቻለሁ።

የጀርመናዊው ፈላስፋ የካንት ወረቀት ከሁሉም ይበልጣል። በ1784 የጻፋትን አጭር ጽሑፍ ነው የሚያብራራው፦ ሰው በራሱ አእምሮ ለማሰብ ይድፈር የምትለዋን። ጋሼ እዚያ ላይ አላቆሙም። ካንት «ተከራከሩ፣ ግን ታዘዙ» ማለቱንም ጽፈዋል። ሹመኛው ሥራው ላይ ሳለ የታዘዘውን ይፈጽማል፤ በአንባቢ ፊት ግን እንደ ማንኛውም አዋቂ ያመነበትን ይጽፋል። እኔም ቀን የተባልኩትን እመታለሁ፣ ማታ ይህን እጽፋለሁ።

ከጎኑ የፈላስፋው የዘርዓ ያዕቆብ (የንጉሡ አይደለም) ሐተታ አለ። የእውነት የ17ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ሰው ሥራ ነው ወይስ የጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ፣ የሚለውን ክርክር ወረቀቱ ሳያዳላ አስቀምጦታል። ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ያነሳው ጥያቄ ዛሬም አልበረደም። እኔ የማን ወገን እንደሆንኩ ልትጠይቁኝ ከፈለጋችሁ ቡና ግዙልኝ።

አሁን ወደ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ሎክ። ይሄን ጥራዝ ተከራይታችሁ ጽሑፉን ባታነቡት እንኳ ኅዳጉን አንብቡ። ጋሼ በእርሳስ መጻፍን አይከለክሉም፤ ሰዉ በእስክሪብቶም ይጽፋል። ሎክ ስለ ሃይማኖት መቻቻል የጻፈው ደብዳቤ በ1689 ነው የታተመው። ሹም ሰውን በጉልበት ቤተ ክርስቲያን ሊያስገባ ይችላል፣ ሊያሳምነው ግን አይችልም፤ እምነት በዱላ አይመጣም ይላል። እዚያች አንቀጽ ጎን በእርሳስ «ቦሩ ሜዳስ?» ተብሏል። ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ «እሱ 1870 ነው፣ ሎክን ማን አነበበላቸው?» ከዚያ በታች በደቃቅ ጽሕፈት፣ በሌላ ሰው እጅ፣ «አያቴ ሁለት ስም ነበራቸው።»

ቦሩ ሜዳ ከዚህ ቅርብ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ ጠርተው የኦርቶዶክሶቹን የእርስ በርስ የሃይማኖት ክርክር በአዋጅ ዘጉት፤ የወሎን ሙስሊም ደግሞ ተጠመቅ አሉት። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል የተባሉት ያኔ ነው። የአይጠየፍን አዳራሽ ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ማለት እሳቸው ናቸው። እና ሎክ የሚለውን የደሴ ሰው ከቤተሰቡ ያውቀዋል። በአንድ ቤት እስላሙና ክርስቲያኑ አብሮ እየኖረ፣ አንዱ ላንዱ ባራኪ ለይቶ ሥጋ እያዘጋጀለት። ዛሬ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቷል፣ አንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ጽፏል። እነዚያ ሦስት የኅዳግ መስመሮች ግን ለእኔ ከሁለቱ አንቀጾች በላይ አስረዱኝ።

ቅሬታም አለኝ። የጋሼ ወረቀት ለሚወዳቸው ሰዎች ያደላል። ሎክ ከመቻቻሉ ውስጥ እግዜር የለም ባዮችን በግልጽ ማስወጣቱ አልተጻፈም። ስለ ፈረንሳይ የ1789 የሰው መብቶች መግለጫ በሚያወራው ወረቀት ላይም ሴት የሚባል ፍጡር የለም። ፈረንሳዊቷ ጸሐፊ ኦለምፕ ደ ጉዥ በ1791 የሴቶችን መብት መግለጫ ጽፋ፣ በ1793 አንገቷን በጊሎቲን ተቆርጣ፣ እንዴት ትረሳለች?

«ጋሼ፣ ሴትየዋ የት አለች?» አልኳቸው።

«ገጹ አለቀብኝ፣ የኔ ልጅ።»

«ጀርባው ባዶ ነው እኮ!»

ሳቁ። በሌላ ቀን ስሄድ ጀርባው ላይ ተጽፋለች፣ ሁለት መስመር። ሄይቲ ግን እስካሁን የለችም። በ1791 የተነሱት ባሮች ያንኑ የነፃነት ቃል በራሱ በፈረንሳይ ላይ አዙረው በ1804 አገር መሠረቱ። ናፖሊዮን በ1801 መጨረሻ ባርነትን መልሶ ሊጭንባቸው ጦር ልኮ ነበር። ይሄ ሁለት መስመር አይበቃውም።

ሌላው ችግር የፈላስፋው የሩሶ ጥራዝ ነው። የወል ፈቃድ የሚለውን ማብራራት ሲጀምር ገጾች ጎድለዋል። የተዋሰ ገንጥሎ ወስዷል መሰለኝ። ቁጭ ብሎ ለማንበብ ያለው ወንበር አንድ ነው፣ አምፖሉም ደብዛዛ ነው። ደሴ ጭጋጓን ስትለብስ ደግሞ ከበሩ የሚገባው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ።

ከበሩ ጎን ጀበና ቡና አለ። ጋሼ ስኒ በያዙ ቁጥር የእንግሊዙን ቻርልስ ሁለተኛን ማንሳት ይወዳሉ። በታኅሣሥ 1675 ሕዝቡ ተቀምጦ መንግሥትን ያማል ብሎ ቡና ቤቶችን በአዋጅ ዘጋ። ጩኸቱ ሲበዛበት አዋጁ ሥራ ላይ ሳይውል በጥር ወር አጠፈው። ቡናችን በየመን በኩል ዞሮ ንጉሥ ማስበርገጉ ያኮራቸዋል፤ እኔንም ያኮራኛል፣ ልዋሽ አልችልም።

ለፈተና ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ሞጁሉን ገዝታችሁ ሂዱ፣ መደርደሪያው አያስፈልጋችሁም። ለመከራከር የምትመጡ ግን ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ጠዋት ኮፒ የሚያስነሳ ሰው ይበዛል። ዓርብ ለጁምዓ ይዘጋሉ። መታወቂያ አይጠይቁም፣ ማስያዣው ይበቃቸዋል። ስትመልሱ ግን ዝርዝር ብር ስለማይኖራቸው «ለሚቀጥለው ይሁንልሽ» ማለት ይወዳሉ። የእኔ 200 ብር እዚያው እንደተቀመጠች ናት።