ከእናቴ ጋር በዊክሎ ተራሮች፦ መንገዱ፣ መኪናውና መስተንግዶው

ደብሊን አሥራ አንድ ዓመት ኖሬባታለሁ። ቨርጂኒያ ከገባሁ ወዲህም እናቴና ወንድሜ እዚያው ስላሉ፣ "ቤት ሄድኩ" የምለው ወደ ደብሊን ስሄድ ነው። ዘንድሮ በነሐሴ እማዬን ይዤ ከደብሊን በስተደቡብ ያሉት ዊክሎ ተራሮች ደርሰን ተመልሰናል። እንደኔ ቤተሰብ ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው ቀኑን እንዳያባክን ያየሁትን ልጻፍ።

ብዙ እንግዳ በአንድ ቀን በአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ ያለው ሞኸር ገደል ደርሶ መመለስ ይፈልጋል። ከደብሊን መሄጃው ብቻ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዛውንት ወይም ሕፃን ይዞ አይሞከርም። የእኛ ዙር 130 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከደብሊን ሰፈር ከራትፋርናም ተነስታችሁ "ወታደር መንገድ" በሚባለው ሳሊ ጋፕ የተባለው የተራራ መተላለፊያ ትወጣላችሁ፣ በላራ አድርጋችሁ ግሌንዳሎክ ትደርሳላችሁ፣ ስትመለሱ በዊክሎ ጋፕ ወርዳችሁ በብሌሲንግተን ሐይቅ ዳር ትገባላችሁ። ወታደር መንገድን እንግሊዞች ከ1798ቱ የአየርላንዶች አመፅ በኋላ ተራራ ላይ የመሸጉትን አማፅያን ለማደን ከ1800 እስከ 1809 (በፈረንጆች) የሠሩት ነው። ዛሬም ጠባብ ነው፤ ከፊት መኪና ሲመጣ አንዱ ጥግ ይዞ ያሳልፋል።

ለዚህ ነው የመኪና ኪራዩ ቅር ያሰኘኝ። ትንሽ አውቶማቲክ ከሁለት ወር በፊት ይዤ፣ ኤርፖርት ስደርስ "ትልቁን በነፃ እንስጥህ" አሉኝ። በዚያ መንገድ ላይ ትልቅ መኪና ስጦታ ሳይሆን ጭንቀት ነው። እምቢ ብዬ ትንሹን እስኪያመጡልኝ ሃምሳ ደቂቃ ቆምኩ። ኢንሹራንስም ላይ የክሬዲት ካርዴን ሽፋን ለመቀበል አየርላንድን በስም የሚጠቅስ ደብዳቤ ጠየቁኝ። ደብዳቤውን አስቀድሜ አስልኬ ስለነበር ዳንኩ፤ ያለሱ በየቀኑ የእነሱን መክፈል ነበረብኝ። የግራ የኋላ ቸርኬው ተፍቆ ነበር፣ ወረቀታቸው ላይ ግን አልተጻፈም። ዙሪያውን በስልኬ ቀረጽኩት።

ከአሜሪካ ለምትመጡ አንድ ነገር አደራ። እኛ ዘንድ ብዙ ማደያ ላይ አረንጓዴው እጀታ የናፍጣ ነው። እዚያ አረንጓዴው ቤንዚን፣ ጥቁሩ ናፍጣ ነው። እጄ በልማድ ወደ ጥቁሩ ሄዶ ወንድሜ ነው ያስቆመኝ። ከየካቲት 2025 (በፈረንጆች) ጀምሮ ደግሞ የገጠር ትንንሽ መንገዶች የፍጥነት ወሰን በሰዓት ከ80 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ወርዷል፤ የድሮውን ይዛችሁ አትንዱ።

ነሐሴ ላይ ተራራው ሐምራዊ አበባ ይለብሳል። ጀርባቸው ላይ ሰማያዊና ቀይ ቀለም የተቀቡ በጎች አስፋልቱ ላይ ይተኛሉ፤ ጥሩምባ አያስነሳቸውም፣ መጠበቅ ነው። ከሳሊ ጋፕ ወደ ግራ ታጥፋችሁ ጥቂት ብትነዱ ሎክ ቴይ የሚባለው ሐይቅ ከታች ይታያል፦ ጥቁር ውኃ፣ ጫፉ ላይ ነጭ አሸዋ። መሬቱ የግል ስለሆነ አይወረድም፣ ከላይ ማየት ይበቃል።

ግሌንዳሎክ ግን ጊዜ ስጡት። ቅዱስ ኬቨን በስድስተኛው መቶ ዓመት የመሠረተው ገዳም ነው፤ 30 ሜትር ገደማ የሚረዝም ክብ ግንብ አለው፣ በሩ ከመሬት 3 ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ያለ። ቅጥር ግቢው በነፃ ነው የሚገባው። የመንግሥት ቅርስ መሥሪያ ቤት በሚያስተዳድረው የጎብኚዎች ማዕከል ያገኘናት አስጎብኚ የእማዬን እርምጃ አይታ እርምጃዋን አዘገመች፤ እኔ እስክተረጉም ቆማ ትጠብቅ ነበር። በድንጋይ ቅስቱ በር እንዳለፍን መስቀል የተቀረጸበት ትልቅ ድንጋይ አሳየችን። ከዚህ ያለፈ ሰው ገዳሙን ተማፅኗል፣ ማንም አይነካውም ማለት ነው አለችን። ለእማዬ ይህ ትርጓሜ አላስፈለገውም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ተሳለመች። ቀጥሎ ኬቨን እጁን ዘርግቶ ሲጸልይ ወፍ መዳፉ ላይ እንቁላል ጥላ፣ እስኪፈለፈል ድረስ እጁን አላጠፈም የሚለውን ትውፊት ስነግራት፣ "እንደ አባታችን ተክለ ሃይማኖት ነዋ! ሰባት ዓመት በአንድ እግር" አለችኝ። ለአስጎብኚዋ መልሼ ተረጎምኩላት፤ ደብተር አውጥታ ስሙን አስጻፈችኝ። ቅዳሜና እሁድ ማቆሚያው ቶሎ ስለሚሞላ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ድረሱ።

ጾመ ፍልሰታ ነበር፤ እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም። ስለዚህ ምሳችንን ከዚያ በኋላ ላራ መንደር ያለች ትንሽ ካፌ ላይ አደረግን። ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል እንደማትበላ ስነግራት አስተናጋጇ ዝም ብላ "እሺ" አላለችም። ወጥ ቤት ገብታ ጠይቃ መጣችና፣ ሾርባው ክሬም እንዳለው፣ ያ ቡናማ የአገሩ ዳቦም በአሬራ እንደሚቦካ ነገረችን። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ስበላው አላውቅም ነበር! በምትኩ ድንችና ባቄላ በዘይት አሠርታ፣ ሌላ ዳቦ ቆርጣ አመጣች። ለዚያ ጥንቃቄዋ ከልቤ አመሰግናታለሁ።

ከኤርፖርት ስትወጡ ደብሊንን በሚዞረው አውራ ጎዳና በኤም 50 ላይ የመንገድ ክፍያ አለ፣ የሚያስቆማችሁ ኬላ ግን የለም። ካሜራ ሰሌዳችሁን ያነባል፣ እስከ ማግስቱ ምሽት ሁለት ሰዓት በኢንተርኔት ወይም ሱቅ መክፈል የእናንተ ፋንታ ነው። አከራዩ ይክፈል አይክፈል ቁልፍ ስትቀበሉ ጠይቁ። እኔ ሰፈር ሱቅ ከፍዬ ደረሰኙን ያዝኩ።

መኪናውን ስመልስ ሠራተኛው ቀጥታ ቸርኬው ጋ ሄዶ ጎንበስ አለ። ቪዲዮውን ከነሰዓቱ አሳየሁት፣ ፈረመልኝ። ያስያዝኩት ገንዘብ በስድስተኛው ቀን ተለቀቀ።