የቅዳሜው የጃቫ ኮርስ፦ ስድስት ሳምንት ውሻና ድመት፣ አራት ሳምንት ትምህርት

አራት ኪሎ አካባቢ ያለ አንድ ማሠልጠኛ የሚሰጠውን የአሥር ሳምንት የጃቫ (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ኮርስ ባለፈው ወር ጨረስኩ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ሥራዬ የመጋዘን ሒሳብ ነው፤ የገባሁትም የዕቃ ቆጠራዬን ከኤክሴል ለመገላገል ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ቢቀሩብኝ አይቆጨኝም። እንስሳ የሚባል ክላስ (ኦብጀክቶች የሚሠሩበት ንድፍ) አለ፤ ውሻ ከእሱ ይወርሳል፣ ድመትም ትወርሳለች። ውሻው ይጮኻል፣ እኛ እንገለብጣለን። በአራተኛው ሳምንት ላም ተጨመረች።

በሰባተኛው አስተማሪ ተቀየረ። ልጅ እግር ነው፤ ገና ሲገባ «ዛሬ አዲስ ነገር አንጽፍም፣ የጻፋችሁትን እናበላሻለን» አለ። የእኔን የቆጠራ ፕሮግራም ግድግዳው ላይ አወጣው። ፕሮግራሙ መደርደሪያ ላይ የተቆጠረውንና መዝገብ ላይ ያለውን ከሁለት ሊስቶች (ዝርዝሮች) አውጥቶ «እኩል ነው ወይ» በሚለው የ== ምልክት ያመሳክራል። 100 ኩንታል ስኳር አስገባ፤ ተስማማ። 127፤ ተስማማ። በሁለቱም በኩል 128 ሲያስገባ ፕሮግራሜ «ልዩነት አለ» ብሎ አረፈው! በዚህ ሒሳብ ስንቱን መጋዘን ጠባቂ አስጠይቅ ነበር።

«እትዬ፣ የእርስዎ መቶ ብርና የእኔ መቶ ብር ዋጋቸው እኩል ነው፤ ግን ያችው አንዷ ብር ናት?» አለኝ። ሊስት ውስጥ የሚገባው ኢንት የሚባለው ተራ ቁጥር ሳይሆን ኢንቲጀር የሚባለው ኦብጀክት (ቁጥሩን የያዘ ዕቃ በሉት) ነው። == በኦብጀክቶች ላይ ሲሆን የሚጠይቀው «ያው ራሱ ነው ወይ?» ብሎ ነው፤ ዋጋን የሚያወዳድረው ኢኩዋልስ የሚባለው ትእዛዝ ነው። ጃቫ ደግሞ ከ-128 እስከ 127 ያሉትን ኢንቲጀሮች አስቀድሞ አዘጋጅቶ ያንኑ ኦብጀክት ደጋግሞ ይሰጣል፤ ስለዚህ ስህተቱ በትንንሽ ቁጥር ተሸፍኖ ይቆያል። ጽሑፍም እንደዚያው ነው፦ ኮዱ ውስጥ በቀጥታ የተጻፉ ሁለት «ስኳር»ዎች በ== ይስማማሉ፣ አንዱ ከኪቦርድ ሲገባ ግን አይስማሙም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደንበኛ የሚለውን ክላስ ሃሽማፕ (በቁልፍ የሚፈለግ መዝገብ) ውስጥ ቁልፍ አድርገን ከተትን። ኢኩዋልስን ጽፈናል፣ ሃሽኮድን (ነገሩ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነውን ቁጥር የሚያወጣውን ትእዛዝ) ግን አልጻፍንም። ያንኑ ስምና ስልክ ይዘን ስንፈልግ ናል፣ ማለትም «ምንም የለም»፣ ብሎ መለሰልን። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ቶሎ ይገባዋል፦ ፋይሉ አለ፣ ግን እኛ የምናስሰው ሌላ መደርደሪያ ላይ ነው። ኢኩዋልስን የጻፈ ሃሽኮድንም ይጽፋል፣ አለቀ።

የሚያናድደው የሚሰጡት ጥራዝ ነው። ስለ ቀን የሚያስተምረው አሁንም ካሌንደር በሚባለው የድሮ ክላስ ነው፤ እዚያ ጃኑዋሪ 0፣ ዲሴምበር 11 ነው። በ13 ወር ላደገ ሰው ወር ከዜሮ ሲጀምር ምን እንደሚሰማው አስቡት። የእሱን ቦታ የተካውን ሎካልዴትን የያዘው ጃቫ 8 እኮ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው! ይህንንም የነገረን ያው ልጅ ነው።

ለ7,500 ብር ከአምስት ሦስት ኮከብ እሰጣለሁ፤ ሦስቱም የእሱ ናቸው። የምትመዘገቡ ከሆነ እሱ የሚይዘው ምድብ የትኛው እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ላፕቶፓችሁንም ቻርጅ አድርጋችሁ ውጡ፤ ሁለት ቅዳሜ መብራት ጠፍቶብን ነበር፣ ጄኔሬተሩ ደግሞ የሚሠራው ምድር ቤት ላለው ካፌ ብቻ ነው።