ሐዋሳ ውስጥ አሰልጣኝ ለምትፈልጉ፣ በተለይ የሚጥል በሽታ ላለባችሁ

ሰላም የሐዋሳ ልጆች። እኔ የሰው ጥቆማ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም፤ ይሄን ግን ሳልጽፍ ብቀር ይቆጨኛል። ታቦር አካባቢ ያለ አንድ የጂም አሰልጣኝ ላመሰግን ነው። ስሙን እንዳልጠቅስ ለምኖኛል፤ «ሰው ከበዛብኝ አንቺንም በደንብ አላይሽም» አለኝ። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለብኝ፣ ክትትሌም ሪፈራል ሆስፒታል ነው። ዓምና ደጋግሞ ሲጥለኝ ቤተሰብ ፈርቶ ከቤት እንዳልወጣ አደረገኝ። ውሃ መቅዳት የለ፣ ገበያ መሄድ የለ፣ ብቻዬን ከበር ማለፍ የለ። ከፍቅር ነው፣ አልቀየማቸውም። ግን ተቀምጦ መዋል ጉልበት ይጨርሳል፤ ደረጃ ስወጣ እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ ግማሽ ጄሪካን እንኳ ማንሳት አቃተኝ። ስፖርት ጀምሪ ያለኝ ሐኪሜ ነው። አንዳንዱ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለብዙ ዓመት ሲወሰድ አጥንት ሊያሳሳ ስለሚችል፣ ቀስ እያልሽ ክብደት ብትለምጂ ይጠቅምሻል አለኝ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጂም «ኃላፊነት አንወስድም» ብሎ መለሰኝ። ይሄኛው ግን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ይጠይቀኝ ጀመር። ሊጥልሽ ሲል ቀድሞ ይታወቅሻል? መድኃኒት የምትወስጂው በስንት ሰዓት ነው? እንቅልፍ ስታጪ ይብስብሻል? ከዚያ የሐኪም ወረቀት ይዘሽ ነይ አለኝ።

የመሮጫ ማሽኑን ከለከለኝ፤ ድንገት ብወድቅ ማሽኑ አይጠብቀኝም። ተኝቶ ብረት ከደረት በላይ መግፋትም ቀረ። በላስቲክ መሳብ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ ደገፍ ተብሎ የሚነዳው የቆመ ብስክሌት፣ በእነሱ ጀመርን። ምንጣፌንም ከመስታወቱና ከብረት መደርደሪያው ራቅ አድርጎ ራሱ ነው የሚያነጥፍልኝ። ገና ከበር ስገባ «ተኝተሻል? በልተሻል? መድኃኒትሽን ወስደሻል?» ይላል። እንቅልፍ ያጣሁ ቀን ሰውነት አፍታትቶኝ ይሸኘኛል፣ ብከራከርም አይሰማኝ። በዐቢይ ጾም ባዶ ሆዴን እንዳልሠራ ሰዓቴን ወደ ማታ አዞረልኝ።

አንድ ቀን እዚያው ጣለኝ። እኔ የማስታውሰው ነገር የለም፤ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት የነገረችኝ። አንዱ ክብሪት ጭሮ ሊያሸተኝ ሲሮጥ፣ ሌላው ጥርሷ ውስጥ ማንኪያ እናግባ ሲል፣ ኮች ሁለቱንም አስቆማቸው። ፎጣ አጥፎ ጭንቅላቴ ስር አደረገ፣ ሻርፔን አላላ፣ በጎኔ አስተኛኝ፣ ሰዓቱን እያየ አጠገቤ ቁጭ አለ። እጅና እግሬን ልያዝ አላለም። 5 ደቂቃ ካለፈ ሪፈራል ሊወስደኝ መኪና አስጠርቶ ነበር፣ ሳያልፍ ለቀቀኝ። ስነቃ ከበው የሚያዩኝ ሰዎች አልነበሩም፤ ሁሉንም ወደ ውጭ አስወጥቷቸዋል። መንገድ ላይ ወድቃ በሰው ተከባ የነቃች ሴት ይሄ ምን እንደሆነ ታውቀዋለች። አረፋው ያስይዘናል ብለው ለሸሹትም በሽታው በአረፋም ሆነ በመንካት እንደማይተላለፍ አስረድቷቸዋል። በማግስቱ ደወለና «ዛሬ ዕረፍት፣ ከነገ ወዲያ እጠብቅሻለሁ» አለኝ። አይዞሽ ምናምን አላበዛም።

አሁን ሙሉ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከግቢው በር እስከ ማድቤት አደርሳለሁ፣ እናቴ ከኋላዬ እያጉረመረመች። ጠዋት ሲመቸን ከእህቴ ጋር ታቦር ተራራ እንወጣለን። ሐይቅ መግባት ግን ክልክል ነው፤ ኮች በዚህ አይደራደርም። መጣሉ ቆመ አልላችሁም፣ አልፎ አልፎ ይመጣል። ስፖርት መድኃኒት አይተካም፤ ጸበል ስሄድም መድኃኒቴ ከቦርሳዬ አይወጣም።

እንከን የለውም ወይ ካላችሁ፣ ሙዚቃው ጆሮ ያደነቁራል፣ የሴቶች ልብስ መቀየሪያው ጠባብ ነው፣ አርፍዶ ለመጣ ሰው ደግሞ የኮች ፊት አይፈታም። ዋጋው ከሌሎቹ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ በበሽታዬ ምክንያት አንድ ብር አልጨመረብኝም።

9 ሰዓት አካባቢ ጂሙ ቀለል ስለሚል አዲስ ሰው ያኔ ቢሄድ ይሻላል። የሐኪም ወረቀትና የቅርብ ቤተሰብ ስልክ ቁጥር ያዙ፣ ያለ እነሱ አያስጀምርም። ኮች፣ ይሄን ካነበብከው እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ አላረፍድም።