ሦስት ቀን በሱንዳርባንስ፦ ከኩልና የሚነሣው የጀልባ ጉዞ

ባንግላዴሽ ውስጥ ከኩልና ከተማ ተነሥቶ ሱንዳርባንስ የተባለውን ደን በሦስት ቀንና በሁለት ሌሊት የሚያስጎበኘውን የጀልባ ጉዞ ነብር ለማየት ብቻ ለጓጓ ሰው አልመክርም፤ ደኑን ማየት ለሚፈልግ ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። በጋንጀስ፣ በብራህማፑትራና በመግና ወንዞች ደለል ላይ የበቀለው ይህ የማንግሮቭ (ጨዋማ የባሕር ውኃ በሚደርስበት ጭቃ ላይ የሚበቅሉ ዛፎች) ደን ወደ 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በባንግላዴሽ፣ ቀሪው በሕንድ ይገኛል። በውስጡ የመኪና መንገድ ስለሌለ መኝታውም ማዕዱም መጓጓዣውም ያው ጀልባው ነው፤ የጉዞው ደስታም በሠራተኞቹ ችሎታና ጠባይ ላይ ያርፋል።

አስጎብኚያችን በዚህ ረገድ ምስጋና ይገባዋል። በሁለተኛው ቀን ኮትካ በተባለው የደኑ ስፍራ ገና ጎሕ ሲቀድ ቀስቅሶን፣ ትልቁን ጀልባ አቁሞ በቀዘፋ በምትሄድ ትንሽ ጀልባ ወደ አንድ ጠባብ የውኃ መተላለፊያ አስገባን። የባሕሩ ውኃ እየሸሸ ስለነበር ጭቃው ተገልጦ፣ የዛፎቹ መተንፈሻ ሥሮች እንደ ችካል ወደ ላይ ቆመው ይታዩ ነበር፤ በቀን ሁለት ጊዜ ውኃ የሚሸፍነው ጭቃ አየር ስለማያሳልፍ ዛፎቹ የሚተነፍሱት በእነዚህ ሥሮች ነው። በሥሮቹ መካከል አንዱ መቆንጠጫው ከሌላው እጅግ የሚተልቅ ትንሽ ሸርጣን መቆንጠጫውን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ፣ አጠገቡ ዓይኖቹ አናቱ ላይ የወጡ ዓሣ በክንፎቹ እየተደገፈ ጭቃው ላይ ይዘል ነበር። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ሳያንኳኳ፣ እስክንጠግብ ድረስ ጠበቀን። ከፍ ብሎ ኬኦራ የሚባለው ዛፍ ላይ ጦጣዎች ቅጠል እየቀነጠሱ ሲጥሉ፣ ከሥር ነጠብጣብ ያላቸው አጋዘኖች የወደቀውን ይለቅሙ ነበር፤ ለእኔ የጉዞው ምርጥ ሰዓት ያ ነው።

ነብሩን አላየንም። እኛ ነብር የምንለው ባለ ነጠብጣቡን ስለሆነ ልብ ይባልልኝ፤ የዚህኛው ጠጉር ባለ ጥቁር ሰንበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ በሆነው ቆጠራ በባንግላዴሽ በኩል ያሉት 125 ብቻ ናቸው። መሣሪያ የታጠቀ የደን ጠባቂ እየመራን በእግር ስንሄድ ግን ጠርዙ ገና ያልደረቀ የኮቴ ፋና አሳየን፤ ከዚያ በኋላ ከመካከላችን ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረ አልነበረም።

ያዘንኩበትን ነገርም መሸሸግ አይገባኝም። በመጨረሻው ቀን ማለዳ የሞተሩ ሠራተኛ የተቃጠለ ዘይት ከባልዲ ወደ ወንዙ ሲደፋ አየሁት፤ ለኃላፊው ብነግረውም ትንሽ ነው ብሎ አለፈኝ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 በዚሁ ደን ውስጥ በሼላ ወንዝ ላይ ነዳጅ የጫነች መርከብ ሰምጣ፣ ዶልፊኖች በሚኖሩበት ውኃ ላይ ከ300,000 ሊትር በላይ ነዳጅ ፈስሷል። ይህን የሚያውቅ አስጎብኚ ከአንድ ባልዲም መታቀብ ነበረበት። የመብራት ማመንጫውም ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ ስላደረ የደኑን የሌሊት ድምፅ ሳንሰማ ቀረን።

ምግቡ ሩዝና ትኩስ ዓሣ ነው፤ ቅር አያሰኝም። ደኑ እ.ኤ.አ. ከሰኔ እስከ ነሐሴ ለጎብኚዎች ስለሚዘጋ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ የሆነውን ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ መምረጥ ይሻላል። ከመክፈላችሁ በፊት የቀዘፋ ጀልባ መኖሩን፣ መብራት ማመንጫው ስንት ሰዓት እንደሚጠፋና የተቃጠለው ዘይት የት እንደሚወገድ ጠይቁ፤ መኝታችሁንም ከሞተሩ ርቆ በፊት ለፊት በኩል ያዙ።