የኤሌክትሪክ ጫማ መጥረጊያ ማሽን፦ ለመሀል አዲስ አበባ ቤት ያዋጣል?

ሻጮች "ጫማ የሚያጸዳ ማሽን" ይሉታል። ጭቃ የለበሰ ጫማ አስጠግተው ንጹሕ አድርገው የሚያነሱበት ዕቃ ግን አይደለም። ሥራው መወልወል ብቻ ነው፤ ንጹሕና ደረቅ የቆዳ ጫማ ላይ ስስ ቀለም ከተቀባ በኋላ በሚሽከረከር ብሩሽ ያብለጨልጨዋል። ይህን አውቆ የገዛ ሰው አይከፋበትም። በሐምሌ ከለገሃር እስከ ሜክሲኮ ጭቃ ሲረግጥ ውሎ ማታ በቀጥታ ወደ ብሩሹ እግሩን የሚዘረጋ ግን ብሩሹንም ጫማውንም ያበላሻል።

እዚህ የምናየው ወለል ላይ የሚቀመጠውን ባለ ሁለት ብሩሽ የቤት ማሽን ነው። ሥሪቱ ቀላል ነው። መሀል ላይ ሞተር አለ፣ የሞተሩ ዘንግ በግራም በቀኝም ወጥቶ ብሩሾቹን ይሸከማል፣ ከላይ መያዣና ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከሥር የጎማ እግር። ቺንጋ የለው፣ ጥርስ የለው፤ ስለዚህ የሚሰበር ነገር ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ አንዱ ብሩሽ ለጥቁር፣ ሌላው ለቡናማ ነው። ሦስተኛ ለስላሳ ነጭ ብሩሽ ያላቸውም አሉ፤ እሱ ለአቧራ ነው፣ ቀለም በፍጹም አይነካውም።

ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጣችሁ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። 220 ወይም 220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል መሆን አለበት። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ 120 ቮልት ማሽን በቀጥታ ከተሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። "ትራንስፎርመር አደርግለታለሁ" ለሚል ሰው ደግሞ፣ ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር እዚህ በ50 ሲሠራ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። ርካሽ ቢሆንም ይቅርባችሁ።

ዋቱ ብዙ አያሳስብ። 100 ዋት የሆነውን ለአንድ ጥንድ ሁለት ደቂቃ ብታሠሩት፣ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ለመቁጠር 300 ጥንድ መወልወል አለበት። ይልቅ የሚታየው የዙሩ ፍጥነት ነው። በ50 ኸርዝ በደቂቃ 1,400 አካባቢ የሚዞረው የተለመደው ነው፤ 900 አካባቢ የሚዞር ከተገኘ ለስስ ቆዳ የተሻለ ነው። ቀስ የሚለው ብሩሽ ቆዳውን አያግለውም፣ ቀለሙንም ግድግዳ ላይ አይረጨውም።

ዋናው ነገር የብሩሹ ፀጉር ነው፣ ሻጩ ግን ስለ ሞተሩ ነው የሚያወራላችሁ። ጥሩው የፈረስ ፀጉር ነው፤ ሱፍም ለመጨረሻው ማብለጭለጭ ደህና ነው። ርካሹ ናይለን ነው፣ እሱ ደግሞ ሻካራ ከሆነ ለስላሳ ሌዘር ላይ ቀጫጭን የጭረት መስመር ይተዋል። በዓይን መለየት ያስቸግራል። ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ አንዲት ፀጉር ንቀሉና በክብሪት ለኩሷት። የእንስሳ ፀጉር ከሆነች የተቃጠለ ፀጉር ትሸታለች፣ ጫፏ ላይ የቀረው ጥቁር ነገር በጣት ሲታሽ እንደ አመድ ይደቃል። ናይለን ከሆነች ትቀልጥና ጫፏ ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ ጠብታ ሆና ትቀራለች። መርካቶ ውስጥ ይህን ሲያደርጉ ያየ ነጋዴ ትንሽ ቢስቅም፣ ዋጋ ላይ የሚደረገው ክርክር ከዚያ በኋላ ይለዘባል።

ሱቅ ውስጥ ሌላ ሁለት ነገር ሞክሩ። ሳይሰካ ብሩሹን በእጅ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት፤ ዘንጉ የሚንገጫገጭ ከሆነ ኩሽኔታው ገና ከመጀመሪያው ልል ነው። ከዚያ አስሰኩትና ጫማ አስነኩት። ድምፁ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው፤ በትንሽ ግፊት ቀጥ ብሎ የሚቆም ከሆነ ቤት ሲሄድ ይብሳል። ምክንያቱም ብዙ ሰፈር ማታ ማታ መብራቱ ይደክማል፣ የዚህ ዓይነት ሞተር ጉልበት ደግሞ ከቮልቱ እጅግ ፈጥኖ ይወርዳል። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ፣ የሞተሩ የማዞር ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ስፒናውንም እዩ። ጠፍጣፋ እግር ያለው ከሆነ አዳፕተር ያስፈልገዋል፤ የሚላላ አዳፕተር ደግሞ ይግላል፣ ይቀልጣል። ጥሩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስፒናውን ቆርጦ ክብ እግር ያለው ቢገጥምለት ይሻላል። ገመዱ ሦስት ሽቦ ካለው የመሬቱን መስመር እንዳይተወው ንገሩት፤ የማሽኑ አካል ብረት ነው።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማሽኑን ከማብራቱ በፊት ባለው ሥራ ነው። የመሀል ከተማ አቧራ ተራ አፈር አይደለም። የሕንፃና የመንገድ ሥራ በማይቋረጥበት ከተማ ውስጥ ደቃቅ አሸዋና ሲሚንቶ ይቀላቀልበታል። አሸዋ ያለበትን ጫማ በደቂቃ 1,400 ጊዜ ለሚዞር ብሩሽ መስጠት በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈተግ ነው። የጫማው ወዝ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው፤ ሰው ግን ቀለሙን ያማርራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ማሰሪያውን አውጡ፣ ቢያንስ ወደ ውስጥ ክተቱት። አቧራውን በእጅ ብሩሽ አራግፉ፣ በተለይ ቆዳው ከሶሉ ጋር የሚገናኝበትን ስፌት። ቀጥሎ እርጥብ ጨርቅ ጨምቃችሁ ጥረጉት፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። ክረምት ላይ ጭቃ የበላ ከሆነ ሥራው ረዘም ይላል፦ ጭቃው ይድረቅ፣ ይራገፍ፣ የቀረው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ ከዚያ ውስጡ ጋዜጣ ተጠቅጥቆ ጥላ ላይ ይደር። ከሰል ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ የደረቀ ቆዳ ይኮማተርና ጣት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ያንን ስንጥቅ የትኛውም ማሽን አይመልሰውም።

ቀለሙ በቆርቆሮ የሚሸጠው ሰም ያለበት ቢሆን ይመረጣል፣ ኪዊም ሆነ ሌላ። ለአንድ እግር የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። ጣት ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ ክብ ክብ እያደረጋችሁ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፣ አምስት ደቂቃ ያህል ተዉት። ገጹ ሲደበዝዝ ሟሟው (ሰሙን ያለሰለሰው ፈሳሽ) ተኗል፣ ሰሙ ቀርቷል ማለት ነው። ብሩሹ የሚሠራው በዚህ ሰም ላይ ነው፤ በፍትጊያው ሙቀት ያለሰልሰዋል፣ ያስተካክለዋል፣ ሲቀዘቅዝ ይበራል። በራሱ ስፖንጅ የሚቀባውን ፈሳሽ ቀለም ከማሽኑ ጋር አትጠቀሙ። ፈጣን ብልጭታ የሚሰጠው ነገሩ ብሩሹ ላይ ተጣብቆ ፀጉሩን ያደርቀዋል።

አሁን ማሽኑ። ግድግዳ ወይም መያዣውን ይዛችሁ ቁሙ፣ አብሩት፣ ጫፉን ብቻ አስነኩት። አፍንጫው፣ ከዚያ የውጭው ጎን፣ ከዚያ የውስጡ፣ ለእያንዳንዱ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ። መለኪያው ጆሮ ነው። የሞተሩ ድምፅ ወፍራም ከሆነ በጣም ተጭናችኋል። የሚያበራው የፀጉሩ ጫፍ ነው፤ ስትጫኑት ፀጉሩ ይታጠፍና በጎኑ ይፈትጋል፣ ይሞቃል እንጂ አያበራም። ግማሽ ደቂቃ አሳርፋችሁ አንድ ጊዜ ድገሙት። ተረከዙንና የውስጡን ቅስት ጫማው እግር ላይ እያለ ማግኘት አይቻልም፤ አውልቃችሁ እጃችሁን ውስጡ አስገብታችሁ ያዙት።

ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ረጅም ቀሚስ ለብሳችሁ እላዩ ላይ አታጎንብሱ። የነጠላ ዘርፍ ዘንጉ ላይ ለመጠምጠም አንድ ሴኮንድ አይፈጅበትም። መብራት እየሠራ ቢጠፋ ደግሞ ወዲያው ማብሪያውን ዝጉ፣ አለበለዚያ መብራት ሲመጣ ማንም በሌለበት፣ ምናልባትም ሕፃን በቆመበት፣ ራሱ ይነሳል።

ለካሞሽ፣ ለናቡክ፣ ለሸራ ጫማና ለስኒከር ይህ ማሽን አይሆንም። ሰው ሠራሽ ሌዘርም ያው ነው፤ ገጹ ፕላስቲክ ስለሆነ ሰም አይጠጣም፣ ሲሞቅ ደግሞ ይላላጣል። ገበያ ላይ "ሌዘር ነው" ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጫማ እንዲህ ያለ መሆኑን አስቡ።

ሲበላሽ የሚያሳየው ምልክት ብዙ አይደለም። የተወለወለው ጫማ ላይ ጥቁር ሸንተረር ከታየ ብሩሹ ቀለም ጠግቧል። በአብዛኛው ብሩሹን ዘንጉ ላይ የሚይዘው ትንሽ ብሎን አለ፤ ስፒናውን ነቅላችሁ እሱን ፍቱ፣ ብሩሹን በለብታ ውሃና በቀላል ሳሙና እጠቡ፣ አራግፉ፣ በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ አበጥሩ፣ ጥላ ላይ አድርቁ። እርጥቡን አትግጠሙ። አዲስ ብሩሽ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ፀጉር ቢያራግፍ ጤናማ ነው።

"እም" ብሎ እየጮኸ የማይዞር ከሆነ ወዲያው አጥፉት። የቆመ ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ኮይሉን፣ ማለትም በውስጡ የተጠመጠመውን ሽቦ፣ ያቃጥላል። መጀመሪያ ዘንጉ ላይ ማሰሪያ ወይም ክር ተጠምጥሞ እንደሆነ እዩ፣ ቀጥሎ መብራቱ ደክሞ እንደሆነ። ሁለቱም ካልሆኑ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ካፓሲተሩ፣ ማለትም ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ፣ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ በእጅ ገፋ ሲያደርጉት መነሳት የሚጀምር ሞተር ካፓሲተሩ ደክሟል ማለት ነው፣ ግን ይህን ሙከራ ለባለሙያ ተዉለት። የሚተካው ማይክሮፋራዱ (ላዩ ላይ የተጻፈው የመያዝ አቅሙ) እኩል፣ ቮልቱ ከበፊቱ ያላነሰ ይሁን። ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ ቤት ውስጥ በጠፍጣፋ ቢላ አይነካካም።

እግር ሲጠጋ ራሱ የሚነሳው ዓይነት ሴንሰር አለው። አልነሳም ወይም አልቆምም ካለ የሴንሰሩ መስታወት ላይ ቀለም ተረጭቶበታል፤ በለስላሳ ጨርቅና በጥቂት አልኮል ይጠረጋል። በመስኮት የሚገባ ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበትም ይሳሳታል። የሚንጫጫ ዘንግ ጠብታ የማሽን ዘይት ይፈልጋል። የምግብ ዘይት ሲቆይ እንደ ሙጫ ስለሚሆን ነገሩን ያብሰዋል።

ለቢሮ በር የሚገዛ ከሆነ አንድ ነገር እንጨምር። መደበኛ ሞተሮች ሙሉ ጉልበታቸው የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን የማቀዝቀዝ አቅሙ ያንሳል። ቤት ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ምንም ማለት አይደለም። ሠራተኛው ተሰልፎ ሲገባ ግማሽ ሰዓት ያለማቋረጥ የሚዞር ከሆነ፣ ያውም የአየር ቀዳዳው በአቧራ ተደፍኖ፣ ሞተሩ ይጎዳል። በየሳምንቱ ቀዳዳውን በደረቅ ብሩሽ ማራገፍ በቂ ነው።

ከሊስትሮ ጋር ሲነጻጸርስ? አራት ኪሎ፣ ስታዲየም፣ አምባሳደር አካባቢ የተቀመጠ ልጅ በሳሙና ውሃ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ የሶሉን ጠርዝ ቀለም ይቀባል፣ ብሩሽ ያደርጋል፣ በጨርቅ ይስባል። ማሽኑ የሚተካው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ብቻ ነው፣ እነሱንም በእሱ ልክ አይደለም፤ የሶል ጠርዝ ለማሽን አይገባውም። አንድ ወይም ሁለት ጥንድ የቆዳ ጫማ ያለው ሰው ማሽን መግዛቱ ገንዘብ ማባከን ነው። ሦስት አራት ሰው በየቀኑ ቆዳ ጫማ አድርጎ ለሚወጣበት ቤት ግን፣ በተለይ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሊስትሮ ገና ሳይወጣ ለሚወጡ፣ ይረዳል። በየሁለት ሳምንቱ ለሊስትሮ ማሳጠብ፣ በመሀል በማሽን መወልወል ነው ጥሩው አያያዝ።

በእጅ የሚያዘው ባትሪ ያለው ትንሹ ዓይነት መጫወቻ ነው። ትንሽ ሲጫኑት ይቆማል፣ ሳይጫኑት ደግሞ አያበራም።

መለዋወጫ ብሩሽ ከማሽኑ ጋር አብራችሁ ግዙ፤ በኋላ ያንኑ ሞዴል ማግኘት ያስቸግራል። ሻጩ ከሌለው የዘንጉን ውፍረት፣ የብሩሹን ቀዳዳና ወርድ በሚሊ ሜትር ለክታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ። ልኩ ከተገጠመ የሌላ ሞዴል ብሩሽ ይሠራል፤ ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ቶርኖ ቤት ቡሽ (በዘንጉና በቀዳዳው መሀል የሚገባ ቀለበት) አስቆርጦ ማጥበብ ይቻላል፣ ጠባብ ከሆነ ግን ዘንጉን አታስሞርዱ።