መስቀል አደባባይ ላይ የጫማዬን ክር ላሰረልኝ ልጅ

ይህን ለመጻፍ ከዓመት በላይ ዘግይቻለሁ። ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ሐኪሟ ግፊቴን ለክታ “132 በ84! ምን ተገኘ?” ብላ ቀና ስትል እንባዬ መጣ። የተገኘው አንድ ሰው ነው፤ ስፖርት የሚያሠራኝ ልጅ። ስለ እሱ በአደባባይ ካልተናገርኩ ውለታ በላ እሆናለሁ።

ዕድሜዬ 49 ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። ሦስተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ኪሎዬ ጨምሮ ጨምሮ 96 ደረሰ። እኛ ዘንድ ሰው ሲወፍር “ተመችቶሻል፣ አምሮብሻል” ነው የሚባለው። እኔም ለዓመታት አምሮብኛል ብዬ ኖርኩ። እናቴም እንደኔው ነበረች። ስኳር መጀመሪያ የእግሯን ጣት፣ ቀጥሎ እግሯን ወሰደ፤ በመጨረሻ እሷንም ወሰደብኝ። ስለዚህ የዛሬ ሁለት ዓመት “ግፊትሽ 155 በ98 ነው፣ ስኳርሽም ጠርዝ ላይ ነው” ስባል እንቅልፍ አጣሁ። ሌሊት ተነሥቼ እግሬን እየዳበስኩ አድር ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት አንድ ጂም ነው። ስሙን አልጠራም። የስድስት ወር በአንዴ ከከፈልሽ ቅናሽ አለው አሉኝ፤ ለልጆቼ ትምህርት ቤት ያስቀመጥኩትን ነክቼ ከፈልኩ። ደረሰኙን እስኪሰጡኝ ድረስ “እናታችን፣ እናታችን” ነበር። በማግስቱ ቀና ብሎ ያየኝ የለም። አንዱ አሰልጣኝ “ጉልበቴን ያመኛል” እያልኩት መሮጫው ማሽን ላይ አወጣኝና ቁልፉን ነካክቶ ስልኩን እያየ ሄደ። ማሽኑ ፈጠነ፤ ማቆሚያው የት እንደሆነ አላውቅም። ብረቱን ሙጥኝ ብዬ ስጮኽ አጠገቤ የነበሩ ሁለት ልጆች ሳቁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጉልበቴ አብጦ ሁለት ሳምንት እያነከስኩ ሥራ ገባሁ። ገንዘቤን ስጠይቅ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን “የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም” የሚል ወረቀት በጣታቸው አሳዩኝ። ምን ትበያለሽ፣ ምን ትጠጫለሽ ሳልባል የምግብ ዝርዝር የተሰጠኝም እዚያው ነው፦ ሳልመን፣ ብሮኮሊ፣ የአልሞንድ ወተት። ስድስት ሰው ከአንድ መሶብ የሚበላበት ቤት አለኝ እኮ! ያንን ከየት አመጣለሁ?

ቀጥሎ በቴሌግራም የማቅጠኛ ሻይ ገዛሁ። በዘጠኝ ቀን አራት ኪሎ ቀነስኩ፤ ደስ አለኝ። ለካ የሚያስቀምጠኝ ሻይ ነው፤ የወጣው ውሃዬ ነው። በአሥረኛው ቀን ቢሮ ውስጥ ራሴን ስቼ ወደቅኩ። ሻዩን ባቆምኩ በሁለት ሳምንት አራቱም ኪሎ ተመለሰ። ለሻጯ ብጽፍላት ብሎክ አደረገችኝ። እባካችሁ፣ እህቶቼ፣ ይህን ነገር አትጠጡ። በተለይ ግፊትና ስኳር ያለባችሁ አትጠጡ።

ከዚያ በኋላ ተውኩት። በቃ እናቴ የሄደችበትን መንገድ እሄዳለሁ አልኩ።

ልጄ ናት ያመጣችው። ጠዋት መስቀል አደባባይ ትሮጣለች። አንድ ቀን “እማዬ፣ እዚያ ትልልቅ ሰዎችን የሚያሠራ ልጅ አለ። አይጮህባቸውም” አለችኝ። “አይጮህባቸውም” የሚለው ነው ከቤት ያወጣኝ። ቦታውን በንጋት ላላየ ሰው፦ ገና ሳይነጋ ሰው ይሞላል፤ ደረጃውን የሚወጡ የሚወርዱ፣ ሶምሶማ የሚሮጡ፣ በቡድን የሚያጨበጭቡ፣ አንዱ ስፒከር ከፍቶ፣ ሌላው በፉጨት። እኔ ቱታዬ ላይ ነጠላ ደርቤ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ መስዬ ዳር ላይ ቆምኩ። ሌላ ሰው እንዳያየኝ ነው። እሱ ግን አየኝ።

ኪሎ ስንት ነሽ አላለኝም። ልብ በሉ፤ እስከ ዛሬም ጠይቆኝ አያውቅም። “ማዘር፣ ምንዎትን ነው የሚያምዎት? የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ከወንበር ሲነሡ እጅዎን ይደገፋሉ?” ብቻ ነው ያለኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጂሙንም ሻዩንም። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ “ዛሬ አንሠራም። ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ይችላሉ ካሉዎት ሰኞ እንጀምራለን” አለ። ብር ላወጣ ቦርሳዬን ስከፍት እጄን መለሰው። ሰው ገንዘቤን አልቀበልም ብሎ ወደ ሐኪም ሲልከኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። የግፊት መድኃኒቱንም ቢሆን አንድ ቀን “ይተዉት” አላለኝም። “እሱ የሐኪምዎ ነው፣ የኔ አይደለም” ይላል። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ባለሙያ ስታገኙ አትልቀቁት።

ሰኞ የሠራነው አሥር ደቂቃ እርምጃና ደረጃው ላይ ተቀምጦ መነሣት ነው። አምስት ጊዜ። ትንፋሼ ሲያጥር ተሸማቀቅኩ። “ማዘር፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ራሱ ሳሳ ይላል። ከውጭ የመጡ ወጣቶችም እዚህ ያለከልካሉ” አለኝ። እውነት ነው አይደለም ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኳት፤ እውነት ነው። እሱ ግን የነገረኝ ትምህርት ሊሰጠኝ ሳይሆን ቀና እንድል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ደረጃው መሐል ስደርስ የግራ ጫማዬ ክር ተፈታ። ለብዙ ዓመት የጫማዬን ክር ያሰርኩት እኔ አይደለሁም፤ ጎንበስ ስል ሆዴ ይይዘኛል፣ ትንፋሼ ይቆማል፤ ቤት ውስጥ የምታስርልኝ ልጄ ናት። ይህን ከቤተሰቤ ውጭ የሚያውቅ አልነበረም። የቀሩት ወጥተው ጨርሰዋል፤ እኔ እንደ ምሰሶ ቆሜያለሁ። ክሩን ረግጬ ብወድቅስ? ብጎነበስና ባልችልስ? ከላይ ሆኖ አየኝና ወረደ። ምንም አልጠየቀኝም። ከእግሬ ሥር በርከክ ብሎ ክሩን አሰረ፤ ሁለት ጊዜ ቋጠረው። ከዚያ ተነሥቶ እየሳቀ ሳይሆን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ሁለተኛውን እርስዎ ያስራሉ” አለኝና ቀኝ እግሬን ከፍ ካለው ደረጃ ላይ እንዳሳርፍ አሳየኝ። እግር ከፍ ሲል ወገብ ብዙ መጎንበስ አያስፈልገውም፤ ይህን ማን ያውቃል? ቀስ ብዬ የቀኙን ፈትቼ አሰርኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱ ፊቱን ወደ ቡድኑ አዙሮ “አንድ ዙር እንደገና!” እያለ ይጮኻል፤ ለካ እነሱ ወደኔ እንዳያዩ ነው። እናት ያሳደገችው ልጅ ነው። እናቱ የትም ብትሆን እግዚአብሔር ይስጣት።

የምንሠራቸው እንቅስቃሴዎች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ እሱ ይጠራቸዋል፣ እኔ እስካሁን አልያዝኳቸውም። የትኛው ለወገብ፣ የትኛው ለጉልበት እንደሆነ አልጠይቅም። ጉልበቴ ማመም መተዉን ነው የማውቀው።

ስለ ምግብም ያለኝ ቀላል ነው። “እንጀራዎን አልነጥቅዎትም” አለኝ። “ዘይቱን ብቻ ከጀሪካኑ አያንቆርቁሩ፤ በማንኪያ ይለኩልኝ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ነው።” ካሎሪው በደንብ አልገባኝም፤ ጀሪካኑ ግን ገባኝ። ቤታችን አምስት ሊትር ዘይት ወር አይሞላም ነበር፤ አሁን ሁለት ወር ሊደርስ ምንም አይቀረው። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ጾሜ ለምን እንደምወፍርም ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። ቅቤውን ትቼ ዘይቱን እጥፍ አደርግ ነበር፤ እስከ 9 ሰዓት ቆይቼ ደግሞ ሳምቡሳና ብስኩት ላይ ነበር የምወድቀው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ያዘኝ። ከሰዓት በኋላ ቢሮ አንድ ለስላሳ ሳልጠጣ አልውልም ነበር። “ዛሬ ማታ ልጅዎ ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር ሳህን ላይ ታድርግልዎት፤ አንዷ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ወደዚያ ይጠጋል” አለኝ። ልጄ አደረገችው። ነጩን ክምር አየሁት፤ የእናቴ እግር መጣብኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለስላሳ አልነካሁም። ማንም አልከለከለኝም፤ ራሴ ነኝ የተውኩት።

መንገዱ ሁሉ ቀጥ ያለ አልነበረም። ወንድሜ ሲያርፍ ሁለት ወር ጠፋሁ፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሦስት ኪሎ ጨመርኩ። እሱ ደወለ። “ለምን ቀሩ” አላለም። “እግዜር ያጽናዎት ማዘር። ደረጃው የትም አይሄድም” ብሎ ዘጋ። ስመለስ ካቆምኩበት ሳይሆን እንደገና ከአምስቱ መቀመጥ መነሣት አስጀመረኝ፤ የሁለቱን ወር ክፍያም አልጠየቀኝም። ደግሞ ስከሳ የዕድር ሴቶች “ምነው ከሳሽ? አመመሽ እንዴ?” እያሉ አስጨነቁኝ። አንዷ ጸበል እንድሄድ መከረችኝ። ስወፍር ማንም አሞሻል አላለኝም ነበር፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። እህቶቼ፣ ሰው ከሳ ስትሉ እባካችሁ እየተነፈሰ እንደሆነ ደግሞ እዩ።

ዛሬ 81 ኪሎ ነኝ። አሥራ አራት ወር ፈጅቶብኛል፤ በወር አንድ ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። ማንም በአሥር ቀን አራት ኪሎ አስቀንሳለሁ ቢላችሁ የኔን ሻይ አስታውሱ። መጋቢት ላይ ከልጄ ጋር “ቅድሚያ ለሴቶች” የተባለውን የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ግማሹን በሶምሶማ፣ ግማሹን በእርምጃ ጨረስኩ። ሜዳሊያውን ሰኞ ጠዋት ወስጄ አንገቱ ላይ አጠለቅኩለት። አውልቆ መለሰልኝ፤ “ለኅዳሩ አሥር ኪሎ ሜትር ተዘጋጁ” አለ። ይህ ልጅ እንደዚህ ነው።

ስሙንና ስልኩን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ “የሚፈልግ ይመጣል” ይላል። ሳላስፈቅደው ለሌላ ሰው የምነግረው ግን ያለበትን ነው፦ መስቀል አደባባይ፣ በስቴዲየም በኩል ባለው የደረጃው ጫፍ፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከንጋቱ 12 ሰዓት። ሰማያዊ ኮፍያ ያደርጋል፤ ዙሪያው በአብዛኛው እንደኔ ያሉ እናቶችና ጡረታ የወጡ አባቶች ናቸው። ክፍያው ጂሙ በወር ከወሰደብኝ ሩብ አይሞላም፤ የሌለው ሰው ደግሞ ሳይከፍል ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። ሂዱ። ግፊት ያለባችሁ፣ ስኳር ያሰጋችሁ፣ ጂም ውስጥ የተሳቀባችሁ፣ ሂዱ። መጀመሪያ ሐኪም ጋ ይልካችኋል፤ አትከፉ። ውሃ ያዙ፣ ጠዋት ስለሚበርድ ሹራብ ደርቡ። የጫማ ክር ማሰር የሚያቅታችሁም ኑ፤ እሱ ከላይ ያሉትን ሲያሠራ ከሆነ እኔ አስርላችኋለሁ።